አፉን የከፈተ ሁሉ

በአቃቂ ቃሊቲ ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ ያስቀመጠ ሰው ከእንግዳ የሚቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ «ለመቼ ይደርሳሉ?» የሚል ነው። እንግዳው ክፋት የለውም። በሰፈራችን በግ የሚታሰረው ለበዓል ነው፤ ዶሮም እግሩን ታስሮ ወጥ ቤት ጥግ የሚቀመጠው ለበዓል ነው። እንግዲያው መስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀለብ ዓሣም አንድ በዓል ሳይጠብቅ አይቀርም። «አይ፣ ለማየት ነው» ትሉታላችሁ። «ለማየት ብቻ?» ይልና ዓሣውን ትቶ እናንተን ማየት ይጀምራል። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ጾም ይዞራል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? እሺ በፍልሰታስ? በሁዳዴስ? ክርክሩ በአቦል ተጀምሮ በረካ ላይም እልባት አያገኝም። ይህ ሁሉ ሲሆን ጉፒዎቹ፣ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሳህን ጥብስ የማይሞሉት፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ይዞራሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው። «ዓሦቹስ?»

ዓሦቹ አሉ። የማይታዩት ውሃው ጎመን የተቀቀለበት ስለመሰለ ነው።

አልጌ አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ቡናማው ነው፤ ዳያተም ይባላል፤ አቧራ ይመስላል፤ በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል፣ ሲያድር ይመለሳል። እሱ ጓዙን ሲጠቀልል አረንጓዴው ነጠብጣብ መስታወቱ ላይ ይተከላል። ይኼኛው ስፖንጅ አይበግረውም፤ ምላጭ ወይም ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይፈልጋል። (የባንክ ካርድ ገንዘብ ባይኖረውም ጥቅም እንዳለው የገባኝ በዚህ ነው።) ጸጉራሙ አለ፤ ተክሎቹን ተብትቦ የሚይዝ። ጥቁሩ ጺማም አለ፤ ድንጋይና የፓምፕ አፍ ላይ የሚያበቅል። ውሃውን ራሱን የሚያቀልመው ደግሞ አለ፤ ይህ በዓይን የማይታዩ ሚሊዮኖች ተንሳፈው የሚኖሩበት ስለሆነ የሚፋቅ ነገር እንኳ የለውም። ሰማያዊም አረንጓዴም የሚመስለው፣ አሸዋው ላይ ልሙጥ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ደግሞ ስሙ ከአልጌ ጋር ይጠራ እንጂ ዘሩ ባክቴሪያ ነው። ሳይያኖባክቴሪያ ይሉታል። የዘመዶቹ ታሪክ ረጅም ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰፈሩ በምክር አይታማም። አንዱ በረኪና ጨምርበት ይላል። በረኪና አልጌውን ይጨርሳል፤ ዓሦቹንም ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ጥርት እንደሚል ማንም አይክድም። ሌላው በብረት ድስት መፈግፈጊያ ሽቦ እሽው ይላል። ሽቦው መስታወቱን ይቧጭራል፣ ጭረቱ ለሚቀጥለው አልጌ ማደሪያ ይሆናል። ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ምክር ደግሞ ዋጋ አለው፦ «ይችን ብቻ ጨምርበት ጋሼ፣ መስታወቱን ስትልስ ነው የምትውለው።» ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የመጣች፣ አፏ መስታወት ላይ እንደ ማኅተም የሚለጠፍ ዓሣ ናት። ሲሸጧት ጣት ታክላለች። ዓይነቷ ሲያድግ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር እንደሚያልፍ፣ ባደገች ቁጥርም አልጌ መላሱን እየተወች ሌላ ምግብ እንደምትሻ፣ የምታወጣው ቆሻሻም ከምትልሰው እንደሚበልጥ ልጁ አይናገርም። እኔ በበኩሌ የሚገርመኝ ይህን ያህል ባሕር ማቋረጡ ነው። በአዋሽና በገባሮቹ፣ እንዲሁም በሌሎች ወንዞቻችን፣ በሳይንስ ስማቸው ጋራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ አገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው፣ ጎርፍ እየገፋቸው፣ አልጌ ሲግጡ ይውላሉ። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም።

መጽሐፉ የሚለው ሌላ ነው። የአኳሪየም መጽሐፍ ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ነው፦ ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል ቀይር፣ ብርሃኑን በቀን ከስምንት ሰዓት አታሳልፍ፣ መስኮት አጠገብ አታስቀምጥ፣ ምግብ አታብዛ። መልካም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አቃቂ መጥቶ አያውቅም እንጂ።

ከውሃው እንጀምር። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ አዲስ አበባ ከምትጠጣባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓዶቹ እዚሁ እግራችን ሥር ናቸው። ወደ ቧንቧችን ግን በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ሌሊት ነው። የፈረቃ ውሃ ደግሞ ወግ ማዕረግ አለው። መጀመሪያ የመጠጡ ጀሪካን ይሞላል፣ ቀጥሎ የወጥ ቤቱ፣ ቀጥሎ የልብሱ በርሜል፣ ቀጥሎ የመጸዳጃው ባልዲ፤ ዓሦቹ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ናቸው። ተራቸው ደርሶ አንድ ባልዲ ቢያገኙ እንኳ ውሃው ወዲያው አይጨመርም፤ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ሆኖ ማደር አለበት። በውሃ ፈረቃ ሰፈር ክፍት ባልዲ ሙሉ ውሃ ዝም ብሎ ሲያድር አስቡት። ሲነጋ አንድ ሰው እግሩን ታጥቦበታል፣ አንድ ሰው ብርጭቆ አለቅልቆበታል፣ ሁለቱም «ትርፍ መስሎኝ» ይላሉ።

ብርሃኑም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ የተጻፈበት አገር ክረምቱ ፀሐይን ለወራት ያስራታል። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ሆነን፣ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ፈቅ በማይልበት አገር፣ ሳሎኑ ባለ አንድ መስኮት ሲሆን፣ ከመስኮት አርቀህ አስቀምጥ ማለት ከቤት አውጣው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልጌው ጋብ ይላል፤ ደመናው ያግዛል። መስከረም ሲጠባ ግን ከአደይ አበባ እኩል ይፈነዳል። መብራት ሲጠፋም ለአልጌ መቀነስ ደግ ነገር ይመስላል፤ ግን አብሮ የሚቆመው የፊልተሩ ፓምፕ ነው። ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ይሞታሉ፣ መብራቱ ሲመለስ ሬሳቸው ውሃው ውስጥ ገብቶ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሦስት አራት ቀን ሙሉ ለሙሉ አጨልሞ አልጌውን ማስራብ የታወቀ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጋቢ አለበስኩት። ጎረቤት መጣ፣ ጥጉን አየና «ቴሌቪዥን ተገዛ? እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ። በዚያ ሰሞን ሊጠይቁኝ የመጡት እናቴ ግን ጋቢው ከነከናቸው። ጋቢ ለሰው ነው፤ ደግሞም ሳሎን ውስጥ በጋቢ የተጀቦነ ነገር ለእንግዳ አያምርም። ከገበያ ስመለስ ጋቢዬ ታጥፎ አልጋ ላይ ተቀምጧል፣ አኳሪየሙ ደግሞ ከቡፌው ላይ የተነሳውን ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴል ቀዳዳው ከክሩ ይበዛል። በሳምንቱ ስገልጠው አልጌው መስታወቱ ላይ በብርሃኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ብቻ በቅሎ፣ የዳንቴሉን አበባ ከነቅጠሉ ሠርቶታል። እናቴ አይተው በጣም ደስ አላቸው። መድኃኒቱ ሠርቷል ብለው ነው መሰለኝ።

ዋናው ነገር ግን ውሃውም ብርሃኑም አይደለም፤ ምግቡ ነው። ምግቡ ማለት ደግሞ እኛ ነን።

«ተመልከት እስቲ ልጄ» አሉ እናቴ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ «አፋቸውን እየከፈቱ እኮ ነው።»

«እየተነፈሱ ነው እማዬ። ውሃው በአፋቸው ገብቶ በስንጥባቸው ይወጣል።»

«መተንፈስማ እኔም እተነፍሳለሁ። እንዲህ ግን አፌን አልከፍትም።»

«ጠዋት በልተዋል።»

«ዓይናቸውስ ለምንድን ነው የማይከደነው? የጠገበ ይተኛል።»

ዓሣ ቆብ የሌለው ዓይን እንዳለው፣ ቢተኛም ፈጥጦ እንደሚተኛ ማስረዳት ጀመርኩ። አልጨረስኩም። የድፎ ዳቦው ፍርፋሪ ገብቷል።

አፉን የከፈተ ሁሉ ርቦታል ብሎ የሚያምን ሕዝብ መሀል ዓሣ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፉ ላይ የለም። ዓሣ ደግሞ ከመነሻው አፉን ሳይከፍት መኖር የማይችል ፍጡር ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ያዝናል፤ ቀጥሎ ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ ከሚበላው ያካፍላል። ቡና በሚፈላበት ቀን ፈንዲሻው ውሃው ላይ ተንሳፎ ይዞራል። የቆሎ ቀን ሽምብራው አሸዋው ውስጥ ይቀበራል። እንጀራ ደግሞ ጉፒ የምታህልን ነገር እንዴት እንደሚያጎርሱ በማያውቁ ደግ እጆች ተጠቅልሎ ይገባል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል። «ኧረ ይበቃቸዋል!» ብትሉ ቤተሰብን መሰሰት ይሆንባችኋል፤ ንፉግነታችሁ ሳሪስ ድረስ ይሰማል።

የጉርሻው ትርፍ ታሪክ ከዚህ በኋላ የኬሚስትሪ ነው። ያልተበላው ይበሰብሳል፣ የተበላውም በሌላ በኩል ይወጣል፤ ሁለቱም አሞኒያ ይሆናሉ። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ ገበሬው ዩሪያና ዳፕ ብሎ የሚጨምረው ማዳበሪያ ቁም ነገር ነው። ጤፍ ደግሞ በብረት የታወቀ ነው፤ ብረት አልጌም ይወዳል። በዚያ ላይ የመስከረም ፀሐይ ሲጨመርበት፣ ማዕዱ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ «በቃኝ» የማይለው እሱ ብቻ ነው። ጠርሙስ የአልጌ መግደያ ገዝቶ ማፍሰስም ይቻላል፤ አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው፣ ቀንድ አውጣውን ቀድመው ይገድላሉ። የሞተው አልጌ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰው አሞኒያ ይሆናል፤ ይህንኑ አንቀጽ እንደገና ከላይ ጀምሮ ማንበብ ነው።

ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዓሣ የማያጎርሱ፣ በሰፈሩ የማውቃቸው ብቸኛው ሰው ናቸው። አንድ እሁድ መነጽራቸውን አውልቀው አኳሪየሙን ሲያዩ ቆዩና «ይኼ እኮ ትንሹ አባ ሳሙኤል ነው» አሉ።

አባባላቸው ሲመረመር ልክ ነው። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር እየቃረሙ ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ ለኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፤ ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና መብራት ማመንጨት ጀመረ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ከላይ ያለው ከተማ ግድቡን ማጉረሱን አላቋረጠም። የመጸዳጃው፣ የወጥ ቤቱ፣ የጋራዡ፣ የከብት በረቱ፣ ሁሉም አቃቂን ተከትሎ ይወርዳል። ናይትሬቱና ፎስፌቱ ተትረፍርፎ እምቦጭ ውሃውን ሸፍኖታል። ሚሊዮኖች የሚያጎርሱት ሐይቅ ምን ይሁን? የእኔን አኳሪየም የሚያጎርሱት የሰፈር ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጉርሻው እዚያም አያበቃም። አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ቆቃ። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 በጣልያን የጦር ካሣ የተገነባ ግድብ ነው፤ ሐይቁ ላይ በየጊዜው የሚፈነዳው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳይያኖባክቴሪያ፣ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ዘመድ፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም። እዚህ ላይ ቀልድ ያልቃል፤ የዚያን ሐይቅ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች አሉና።

ሰፈራችን ግን አልጌን ያሠራም ሰፈር ነው፤ ይህን ከጋሼ በቀር ሌላ ሰው ሲያነሳው አልሰማሁም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ዛሬ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ከመሠራቱ በፊት፣ ሰፋፊ ኩሬዎች ብቻ ነበር፤ አቅሙም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ። በእንዲህ ዓይነት ኩሬ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ቀን ቀን የሚያመርተው ደግሞ አልጌው ነው። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ፤ ፀሐይና አረንጓዴ ውሃ። እኔ ሳሎኔ ውስጥ በኤቲኤም ካርድ የምፍቀው ነገር፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ የከተማ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ መኪና ይዛችሁ ቢሾፍቱ ብትወርዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ታያላችሁ። አረንጓዴ ሐይቅ የሚባለውን የሚያቀልመው ስፓይሩሊና ነው፤ እሱም ያው የሳይያኖባክቴሪያ ወገን። ውሃው እንደ ሶዳ የመረረ ስለሆነ ሌላው ሲሸሸው እሱ ይፋፋበታል። ታሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ተክል ከፀሐይ ምግብ በመሥራት እስከ የት ሊደርስ ይችላል የሚለውን ጥግ የለኩት በዚህና በጎረቤቱ ኪሎሌ ሐይቅ ነው። ዓለም የአልጌን የመጨረሻ አቅም ለማወቅ ሲፈልግ የመጣው እኛ ጋ ነው፤ ሳሎኔን ቢያዩ ኖሮ ቢሾፍቱ ድረስ ባልደከሙ። የደረቀ ስፓይሩሊና ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ፍላሚንጎ ይኖርበታል፤ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ያሉ ሴቶች ከውሃው አጥልለው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ለወጥ ይሸጡታል፤ በውጭ አገር ደግሞ በትንንሽ ጠርሙስ በውድ ዋጋ ይቸበቸባል። ይህን ለእናቴ የነገርኳቸው አልጌን ቢያከብሩት ብዬ ነበር። «ታዲያ ፕሮቲን ከሆነ ምን ያስደፋሃል?» አሉና ማንኪያ ፈለጉ። የአኳሪየሙ ስፓይሩሊና እንዳልሆነ፣ ጭራሽ መርዘኛው ዘመድ ሊሆን እንደሚችል አስረድቼ ማንኪያውን አስመለስኩ።

አሁን ከአልጌው ጋር በሽምግልና ነው የምንኖረው። የፊቱን መስታወት እፍቃለሁ፤ የኋላውን ለእሱ ትቼለታለሁ። የኋላው ሲለመልም ቀንድ አውጣዎቹ ይግጡታል፤ ጉፒዎቹም እንግዳ በሌለበት ሰዓት ይነካኩታል። ፈጥኖ የሚያድግ ተክል ጨምሬያለሁ፤ ናይትሬቱን ከአልጌው የሚሻማ። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ ይበራል፣ በሰዓት ቆጣሪ ይጠፋል፣ በመሀል ደግሞ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። እንግዳ ሲመጣ የዓሣ ምግቡን ትንሽ ቆንጥሬ መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ያጎረሰ ሰው ሁለተኛ ኪሱን አይዳብስም ብዬ ነው። አንዳንዱ ላይ ይሠራል።

ችግሩ ከአጥር ማዶ መጣ። የምቀይረውን ውሃ በር ላይ ልደፋ ስል ያዩኝ ጎረቤታችን እማማ «ኧረ አትድፋው!» ብለው ባልዲውን ተቀበሉኝ። ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ መደብ ጎመን አላቸው። ናይትሬትና ፎስፌት ጎመን ላይ ሲደርስ ማንም አልጌ አይለውም። ቅጠሉ ሰፋ፣ ጠቆረ፣ ለጎረቤት ይታደል ጀመር፤ እኛም በየሳምንቱ ድርሻ አለን። አምና ያልበቀለው በሶብላ ሳይቀር ዘንድሮ አጥር ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምቀይርበትን ቀን ከእኔ በላይ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው፤ ፈረቃው ሲመጣ መስኮት አንኳኩተው ይቀሰቅሱኛል።

ባለፈው ተክሎቹ ናይትሬቱን ስበውት ኖሮ፣ የቀዳሁት ውሃ ምንም ቀለም አልነበረውም። ደስ ብሎኝ ባልዲውን በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። እማማ አዘንብለው አዩት፣ ጣታቸውን ነክረው አሸተቱት፣ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ምነው ልጄ፣ ነጣብኝ? ዓሦቹን ታስርባቸዋለህ እንዴ?»

መልሴን አልጠበቁም። በበሩ ዞረው ገቡ፤ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የዳቦ ፍርፋሪ እየፈቱ።